የአያ ሙጨ ባት

ልጅ ሳለሁ አባቴ የእናቴ ወንድም የአያ ሙጨ ስም በተነሣ ቁጥር «ያ ሰውዬ ዓሣውን ትቶ ወሬውን ቢሸጥ ይከብር ነበር» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ያኔ ደቅ ደሴት ላይ፣ አመሻሹ ላይ ደረቅ የታንኳ ደንገል አንድደን፣ ዓሣው ፍም ላይ እየተንጨረጨረ፣ ጭሱ እያስለቀሰን፣ እኔና እህቴ የሺ አፍ አፉን እያየን ነው ያደግነው።

የአያ ሙጨ ባት ድፍን ያለ፣ እህል የሞላ ስልቻ የሚመስል ነበር። ያየው ሁሉ «አይ ባት! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ይለዋል። እሱን ግን ትንሽ ዳገት ይጥለዋል። ከመሬት ሲነሣ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያስደገፈ፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው በገዛ እግሩ ላይ ይወጣ ነበር። እኛ ጨዋታ መስሎን እንደሱ እየተነሣን በሣቅ እንንከባለላለን። እሱም አብሮን እየሣቀ ምክንያቱን ያወራልናል። ቅድመ አያታችን ታንኳው ተገልብጦበት አንድ ጉማሬ አዝሎ አወጣው አሉ፤ «ውለታህን በምን ልመልስ?» ቢለው፣ «ከዘርህ አንዳንዱ ወንድ ጉልበቱን ይስጠኝ፣ እኔ ባቴን እሰጠዋለሁ» አለው።

«ጉልበትህስ አሁን የት አለ?» እንለዋለን።

«ጉማሬው ዘንድ ነዋ! ስታገኙት ሰላም በሉልኝ!»

አያ ሙጨ በጎልማሳነቱ ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። የሺ ባሕር ዳር አግብታ ዮናስን ወለደች። ልጁ ባቱ ደንደን ሲል ጎረቤቱ ሁሉ «ኳስ ተጫዋች ነው!» አለላት። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ዮናስ ወድቆ ሲነሣ አየሁት። እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ። የሺም እኔን ታየኛለች።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «አያ ሙጨ ተረት አስመስሎ ነው የነገረን እንጂ እርግማን አለብን።»

ከዚያ ወዲያ ልጇን ከሰው ዓይን ትደብቅ፣ ሌላ መውለድም ትፈራ ጀመር። ጠበል ወሰድነው። ካህኑም «ጠበሉን ጠጡ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» አሉን። ሄድን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ደም አስመረመረች፤ ውጤቱ ሲመጣ አስጠራችን። እኔ ብዙ አልተማርሁም፣ የገባኝን ልንገራችሁ፤ ጡንቻ ጠንክሮ እንዲቆይ የሚያዘው ነገር ዘረመል በሚሉት ውስጥ አለ፤ በእናታችን ወገን እሱ አንድ ቦታ ላይ ተለውጧል። ስለዚህ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፤ ባቱም የሚወፍረው ጉልበት ሞልቶት ሳይሆን ስብ ተክቶት ነው። እናት እሷ ሳትታመም ትይዘዋለች፤ ለወንድ ልጇ ሊደርሰውም ላይደርሰውም ይችላል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም የሚያግዝ እንቅስቃሴና የልብ ክትትል አለ።

ዛሬ ዮናስ ደጅ ከልጆች ጋር ይጫወታል፤ ሲወድቅ «ጉማሬው ጠለፈኝ!» ይላል፤ ያን ተረት ያወራሁለት እኔ ነኝ። ሳስበው፣ አያ ሙጨ የሚያመውን ነገር ለኛ መሣቂያ አድርጎ ትቶልን ሄደ። በየጸሎቴ ስሙን እጠራለሁ።

የሺን ከፍርሃቷ የመለሳት ግን ተረት አይደለም። ያን ቀን ሐኪሟ ካለችው ሁሉ አንዲቱን ቃል ብቻ ይዛ፣ «የዘር ነው አለች፤ አላልሁህም!» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ያቺ የማናውቃት ልጅ እግር ሐኪም ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ የዘር ነው አልኩ እንጂ የእርግማን ነው አልወጣኝም።»