ሥራ ሳታግዝ የማታወራው አክስቴ

ካረፈች አርባ ቀን ያልሞላት አክስቴ ከወናጎ ወጣ ባለች ቀበሌ ለዓመታት የጤና በጎ ፈቃደኛ ነበረች። እኔም ዲላ ላይ አጭር ሥልጠና ወስጄ ከእሷ ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሕፃን ያላት አንዲት እናት ጓሮ ገባን፤ እንሰት እየፋቀች ነበር። ደብተሬን ገልጬ፣ "ልጁ ተከትቧል?" አልኳት።

"ደህና ነው" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አክስቴ "ደብተሩን ዝጊው" አለችኝና ሌላ የእንሰት መፋቂያ ተቀብላ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። የትም ቤት ስትገባ እንዲህ ነበረች፤ ያገኘችውን ሥራ ሳታግዝ ስለ ጤና አታወራም። ብዙ ከቆዩ በኋላ ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከትናንት ጀምሮ ጡት እምቢ ብሎኛል" አለች። ገብተን ስናየው የልጁ ሰውነት ይፋጃል። እየተቀባበልን ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ ተረፈ።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ለመቀመጫ ሁለት የእንሰት ቅጠል አነጠፈች። ወዲያው የአክስቴ ማረፍ ትዝ አላትና ደነገጠች። አንዱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇን ያዝኳት።

"ተይው" አልኳት። "ዛሬን ይሁን።"