ያልዞረችው ፋን

ቢሮ ውስጥ ላፕቶፔ ሲግል ከሆዱ የሚወጣው ቀጭን የፋን ድምፅ ዛሬም እጄን ከኪቦርዱ ላይ ያስነሳዋል። ለአፍታ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ይሸተኛል።

ያኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቦሌ አየር ማረፊያ ጭነት ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከወሰደበት ወዲህ ግን ያንን ሁሉ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ከተማው በሙሉ የሚገነባበት ዘመን ስለነበር ፊት ለፊታችንም ሕንፃ ይወጣ ነበር። የሲሚንቶው ብናኝ ሲገባ ሳል ያፍነዋል፤ ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ቋ ቋ እያለ ይግላል፣ ክፍሉም ምድጃ ይሆናል።

እኔ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ ለጓደኛዬ በስልክ፣ "ታስሬ ቀረሁ እኮ" አልኳት። ዞር ስል አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል።

ብዙም ሳይቆይ ቦሌ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ጠራኝ። "ሂጂ" አለኝ አባቴ፣ ገና ሳልጨርስለት። ጎረቤታችን ምሳውን ልታበላው ተስማማች። የቀረው ሙቀቱ ነበር። ተራ ቬንትሌተር ከፍቼለት እንዳልሄድ፣ ሲበርደው ተነስቶ አያጠፋውም። ስለዚህ ቦሌ ሚካኤል ከአንድ ጥገና ቤት ከታክሲ የወለቀች ትንሽ ፋን ገዛሁና ከተማሪነቴ ከተረፈችኝ ማይክሮኮንትሮለር፣ ትእዛዝ ከምትቀበል ትንሽ ቺፕ ጋር አገናኘኋት። ፋኗን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ራሴ ጻፍኩት። ክፍሉ ሲሞቅ ትነሳለች፣ ሲቀዘቅዝ ዝግ ትላለች፣ ከዚያ ትቆማለች።

በመጀመሪያው ቀን ነፋሱ በርትቶ አሳለው። ፋኗ እየዞረች ሳለ በፕሮግራሙ ጉልበቷን ቀነስኩት። ረጋ ብላ መዞሯን አየሁና በቃኝ፤ በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

ከሥራ ስመለስ፣ "ፋኗስ?" እለዋለሁ።

"ጥሩ ናት። ነፋሷ ደስ ይላል።"

አንድ ቀን ቢሯችን መብራት ጠፋና በጊዜ ለቀቁን። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አባቴ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ ጣሪያውን ያያል። ፋኗ ዝዝዝ ትላለች፤ ክንፎቿ ግን አይንቀሳቀሱም። በጣቴ ገፋ ባደርጋት መዞር ጀመረች። ያኔ ገባኝ። የተውኩላት ጉልበት እየዞረች ሳለች ያዞራታል እንጂ አንዴ ከቆመች አያስነሳትም።

"ስንት ቀን ሆናት?" አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አራት።"

"ለምን አልነገርከኝም አባዬ?"

"ብነግርሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ። ታስረሽ የለም እንዴ?"

ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረግኩለት፣ ሸሚዙን ቀየርኩለት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ድራይቨሩን አስተካከልኩት፤ ፋኗ ስትነሳ መጀመሪያ ለአንድ ሴኮንድ ሙሉ ጉልበት እንድታገኝ፣ ከዚያ እንድትቀንስ። አጥፍቼ አበራኋት። አጥፍቼ አበራኋት። ሁሌም ተነሳች። አባቴም ዳግም እንዳይዋሸኝ አስማልኩት።

መሐላውን አክብሮ ቆየ። "ዛሬ ትንሽ ሞቆኝ ነበር" ይለኛል፤ "ዛሬ ሾርባው አልጣመኝም" ይለኛል። አንድ ቀን ጫማዬን ሳወልቅ፣ "ዛሬ ብቻዬን ፈርቼ ነበር" አለኝ። አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ምን እንዳስፈራው መጠየቅ ነበረብኝ። ደክሞኝ ስለነበር፣ "ነገ በጊዜ እመጣለሁ" ብቻ አልኩት።

በማግስቱ ስብሰባ ነበረን። ቤት የደረስኩት እንደ ሁልጊዜው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ይቅርታ ልለው አልጋው አጠገብ ስጠጋ በግራ እጁ እጄን ያዘኝ።

"በጊዜ መጣሽ" አለኝ።

ነሐሴ ሳይወጣ ሞተ።