ከቤቴ ያልመጣው ምሳ

ሲይዙኝ ጠመኔ በእጄ ነበር። ሁለት ፖሊሶች የክፍሉ በር ላይ ቆመው "ቲቸር፣ አንዴ" አሉኝ። እኔም አንዴ የሚባለውን ነገር አምኜ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ። ያቺ አንዴ ከወር በላይ ፈጀች።

ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነው። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ከተደረገው ሰልፍ በኋላ የታሰሩት ሦስት ተማሪዎቻችን የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ንግግሬን በስልኩ ቀድቶ የሰጣቸው ስምንት ዓመት አብሮኝ ያስተማረ፣ ምሳችንን አንድ ላይ የምንበላ ባልደረባዬ ነው። ይህን ያወቅሁት መርማሪው ድምፄን መልሶ ሲያሰማኝ ነበር፤ ከእኔ ንግግር በላይ ጎልቶ የሚሰማው የእሱ ሳል ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ተረቱን ስንት ጊዜ ለተማሪ አስረድቻለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ያሰሩኝ ሆሳዕና ውስጥ፣ በተወለድኩበት ከተማ ነው። የሴቶች ክፍል የሚሉት ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ ጠባብ ቤት ነበር። ቆርቆሮው ጠዋት በብርድ፣ ከሰዓት በሙቀት ይቀጣናል። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፈን ለአራት እንተኛለን። ግቢውን የምታሳይ አንዲት መስኮት አለች፤ ከአጥሩ ማዶ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። እናቴ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኝ ነበር፤ ምሳ ዕቃው ይገባል፣ እሷን ግን አያስገቧትም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንዲት ልጅ አስገቡብን። የዩኒፎርም ሹራብ ለብሳለች። እናቷን ልትጠይቅ የመጣች መስሎኝ "ማንን ፈልገሽ ነው?" አልኳት።

"ታስሬ ነው" አለች።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ወረዳ ነው። አባቷ ከደቡብ አፍሪካ ለተመለሰ ሰው ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው በእግሯ ተነስታ ከተማ ያለችው አክስቷ ጋ መጣች። አክስትየዋ እግሯን አጠበቻት፣ አበላቻት፣ አስተኛቻት፤ ልጅቷ ዓይኗን ስትከድን ለአባቷ ደወለች። ልጅቷ ጠዋት ነገሩን ስታውቅ በጓሮ ወጥታ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። ሰውየው የሰጣትን ሞባይል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "መልሱለት፤ እኔ አላገባም" አለቻቸው። የሰውየው ቤተሰቦች ግን ቀድመው ሞባይል ሰርቃ ጠፋች ብለው አመልክተው ነበር። እናም ግማሹ ለስርቆቱ፣ ግማሹ "ለራሷ ደህንነት" ተብሎ ከእኛ ጋር ተቆለፈባት።

"ፖሊስ ሂዱ ያለን ትምህርት ቤት ነው" አለችኝ። "ክበብ አለን፣ የሴቶች። ቲቸራችን፣ ሊድሯችሁ ከሆነ ፖሊስ ሂዱ አለች። ሄድኩ።"

እኔም በእኔ ትምህርት ቤት ያንኑ ክበብ እመራ ነበር፤ ያንኑ ቃል ተናግሬያለሁ። ካርቶኔን አስፍቼ ቦታ ሰጠኋት።

ያን ቀን እናቷ ቆጮ ይዛ መጣች። ልጅቷ አልቀበልም ብላ መለሰችው። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆመችና ሄደች።

"ርቦሻል እኮ" አልኳት።

"የእነሱን ከበላሁ ታርቄያለሁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ የሚጠብቁት ይሄን ነው። እህላችንን ቀምሳለች፣ ነገሩ አልቋል ይላሉ። ከዚያ ፖሊስም ይፈርማል፣ ይወስዱኛል።"

"የእኔን ብትበዪስ?"

አሰበችበት። "አንቺ ጋር ጠብ የለኝም" አለች።

ሁለት ቀን ከእኔ ምሳ ዕቃ በላን። መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ፣ ቀጥላ እሷ ትገባበታለች። አበላሏን አይቼ "አንቺን የሚያገባሽ ሰውዬማ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ መሥራት ሊኖርበት ነው" አልኳት። ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሴት ፖሊሷ ክዳን ያለው ሳህን አቀበለችኝ። "ከቤትሽ ነው" አለች። ስከፍተው አተካና ነው፤ በቡላና በወተት የተሠራ፣ ቅቤው ከላይ የተኛ፣ ሀዲያዎች ለበዓልና ለክቡር እንግዳ የሚያቀርቡት። እኛ ከጉራጌ የመጣን ነጋዴዎች ነን፤ እናቴ አተካና ሠርታ አታውቅም። ሳህኑም የእኛ አልነበረም። ጎረቤታችን ልካው ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ርቦኝ ነበርና ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

"ከእናንተ ቤት ነው?" አለችኝ ልጅቷ።

"ከቤት ነው፤ ብዪ።"

እንደ ልማዳችን ቀመስኩ። እሷም በላች፤ ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ መለሰችልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሴት ፖሊሷ በሩን ከፍታ ጠራቻት። በመስኮቱ አየሁ፦ ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገባቸው አለ። የጣቢያው ኃላፊ ሀዲይኛ ስለማይሰማ ነገሩ በአማርኛ ነበር።

"ልጄ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ "እናትሽ የላከችልሽን በልተሻል፤ ተባረኪ። ጠቡ በእህል አልቋል። ነይ የአባትሽን ጉልበት ሳሚ።"

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስለ አክስቷ ስታወራኝ የነበራት ፊት ነው። አላወቅሁም ልላት ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

ሳልጀምር ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

"አባባ፣ ያበላችኝ ቲቸር ናት። ከቤት ነው ብላኝ ነው። እናቴን አላየኋትም፣ እናንተንም አላየሁም። በዚያ እህል ታርቄ ከሆነ የታረቅሁት ከቲቸር ጋር ነው። ከእናንተ ጋር ገና ነኝ።"

ሽማግሌው ወደ ሴት ፖሊሷ ዞሩ። "የእናቷ መሆኑን አልነገራችኋትም?"

ፖሊሷ ጫማዋን አየች። አባትየው "በልታለች አይደል?" አለ።

"ሰው ሳያውቅ በበላው አይታረቅም" አሉ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን እያነሱ። "በዚህ ነገር እጃችን የለበትም። ሕግ ይያዘው።" ሁለቱ ተከተሏቸው። አባትየው ብቻውን አግዳሚው ላይ ቀረ። ኃላፊው የሚያስፈርመው ሽማግሌ ሲያጣ፣ ሐሙስ ሊደውልላቸው ይገባ ለነበሩት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ደወለ።

ዕቃዋን ልትወስድ ስትመለስ እውነተኛው ምሳዬ ደርሶ ነበር፤ እናቴ የጋገረችው ዳቦ። ቆርሼ ቀመስኩና ዘረጋሁላት።

"ጠግቤያለሁ፣ ቲቸር።"

"የእናቴ ነው። ምሳ ዕቃውን ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ" አለች። ካርቶኗን አጥፋ ጥግ ላይ አቆመችው፣ ሹራቧን ቆለፈች፣ ወጣች። ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።

እኔም ተፈትቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ባልደረባዬ ዛሬም ሰላም ይለኛል፤ እመልስለታለሁ፣ ምሳዬን ግን ለብቻዬ እበላለሁ። በእሱ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱ በጊዜ በረደ። የልጅቷን ነገር ሳስብ የሚሰማኝ ግን ሀፍረት ነው፤ እሱ አይበርድም። ያታለሉኝ እነሱ ናቸው፤ እውነት ነው። ሳህኑ የእኛ አለመሆኑን ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን አገደው። አሁን፣ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ሞርሲቶ ከተማ ዘመዷ ጋ ሆና ዘጠነኛ ክፍል እየተማረች እንደሆነ አንዲት መምህርት ነገረችኝ። በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በእኛ አገር ሰው ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ዳቦ ይያዛል፣ ሙዝ ይያዛል፣ ቢያንስ ብስኩት ይያዛል። ለእሷ የሚበላ ነገር ይዤ በሯን ማንኳኳት ግን አልቻልኩም።