ከመግሪብ በፊት ይደርሳል ወይ?

አባታችን አሰላ፣ እቤቱ፣ ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዐረፈ። ታናሽ ወንድሜ የአባባን መታመም ሰምቶ ለዚያው ቀን ከጆሃንስበርግ ትኬት ቆርጦ ነበር። ጠዋት ወደ አየር ማረፊያ ሲሄድ ደወለ። እህታችን ስልኩን አንስታ "አባባ ተኝቷል" አለችው። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም።

ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ይህን ታውቃለህ። ልጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ከደረሰ እንጠብቀዋለን። ካልደረሰ ግን ጀናዛ አይቆይም፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እንቀብራለን።"

እህቴ እጄን ይዛ ወደ በሩ ሳበችኝ።

"ይደርሳል በል።"

"አይደርስም።"

"ትኬቱ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ይነሳል አይደል የሚለው?"

"የእነሱ ስምንት በእኛ ዘጠኝ ነው።"

"አንተ በቃ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ጋዜጠኝነቱን ብትተወው!"

"ምን ታንሾካሹካላችሁ?" አሉ አጎታችን። "አውሮፕላን ነው እንጂ የፈረስ ጋሪ አይደለም፤ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው?"

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረራው ከአምስት ሰዓት ያልፋል። ቦሌ የሚያርፈው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ አሰላ ድረስ ሌላ ሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ውሃ ይሙቅ" አሉ፤ ለጀናዛው ማጠቢያ። እህቴ እጄን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ከቀብር እንደተመለስን መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቼ ወንድሜን ልቀበል ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። አጎታችን "ቤት ሳይገባ እንዳትነግረው" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ቦሌ ስንገናኝ አቀፈኝና "አባባ ነቃ?" አለ። "መኪና ውስጥ ግባ" አልኩት። ገብቶ ሲቀመጥ ጫማዬን አየ። አፈሩን ሳላራግፍ ነበር የመጣሁት።

"ቀበራችሁት?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ከአስር ሶላት በኋላ።"

"ያኔ እኮ ገና ከመሬት መነሳታችን ነበር። እንደምመጣ አታውቁም?"

"እናውቃለን። እንደማትደርስ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።"

አዳማ ደረስን። በመስኮቱ የከተማውን መብራት እያየ ነበር።

"ማን አጠበው?" አለ በመጨረሻ።

"እኔና ጋሼ።"

"ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የተቀበለውስ?"

"እኔ ነኝ። በሌላው በኩል ደግሞ ጎረቤታችን።"

"የእኔ ቦታ ላይ ጎረቤት" አለ።

ዴራን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ ገባ፤ ሹፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ወንድሜ ያኔ ወደ እኔ ዞረ።

"ፊቱን ንገረኝ" አለ። "ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"

ከግንባሩ ጀመርኩ። አሰላ ስንገባ ገና ጢሙ ጋ ነበርኩ።