የተዘለሉት የአያቴ ገጾች

ድግሱን እኔ አልጠየቅሁም። የታሪካዊ ልቦለዴ ሦስተኛና የመጨረሻ ቅጽ ሲወጣ አሳታሚዬ ከአንባቢ ጋር እናክብረው፣ ውድድርም እናዘጋጅ አለ። ካንገት በላይ እሺ አልኩ። እንጦጦ ፓርክ ድንኳን ተጣለ። መጀመሪያ የአለባበስ ውድድር ነበር። አንዱ ጎረምሳ የውሸት ጎፈር አናቱ ላይ ደፍቶ፣ የፕላስቲክ ጠመንጃ አንግቶ፣ የመጽሐፉ አርበኛ እኔ ነኝ እያለ ሰልፊ ይነሳል። እኔ እኮ ያንን ሰው የጻፍኩት ዋሻ ውስጥ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነው። ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ።

የመጣሁት ለእናቴ ስል ነው። መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃውን በስንት መከራ አውርጄ፣ በታክሲ አምጥቼ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳት። እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ለሷ ነዋ። እናቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ በጠላት ጊዜ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ ከተማ ወርዳ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ስትመለስ ዋሻ ውስጥ ለተደበቀ አርበኛ ስንቅ ታደርሳለች። አርበኛው ተያዘና ተሰቀለ። ሰፈሩም መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት፣ የጠቆመችው እሷ ናት ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲያ ማኅበር ላይ ጽዋው እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላት ጀመር። እናቴም የጠቋሚ ልጅ እየተባለች አደገች።

የጠቆመው የአያቴ ወንድም ነበር። አያቴ ታውቃለች። የአርበኛው ዘመዶች እንዳይገድሉት ብላ፣ ስሙን ሳትጠራ ሞተች። እሱ ራሱ ነው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ለእናቴ የነገራት። በሦስተኛው ቅጽ እህቱ እግር ሥር ወድቆ ሲናዘዝ ጽፌዋለሁ። የእናቴ ዓይን ስለደከመ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ብዙ አለቀሰችና፣ «አሁን እናቴ ዐረፈች» አለችኝ።

ጥያቄና መልሱ መጣ። ለመጨረሻው ዙር ሦስት አንባቢዎች ቀርበዋል። መድረክ መሪው ካርዱን አየና አርበኛውን ማን ጠቆመው ብሎ ጠየቀ። እናቴ ቀና አለች። ሦስቱም መልሳቸውን የጻፉበትን ወረቀት ከፍ አደረጉ፤ ሦስቱም ላይ «እንጨት ሻጯ» ይላል። ስህተታቸውን ይነግራቸዋል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ትክክል ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ።

እናቴ ወደኔ ዞረች።

«እዚህም?» አለችኝ።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ደሜ ፈላ። ማይኩን ከሰውየው እጅ ነጠቅኩና መጽሐፉን ገዝታችሁ ያነበባችሁ እጅ አውጡ አልኩ። ጉድ እኮ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቂት እጅ ብቻ ወጣ። ስጠይቅ የቀረው ያነበበው በስልክ የሚዞረውን ኮፒ ነው፤ አንዱ ሌባ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ለቆታል። ጥያቄውን ያወጣው የአሳታሚዬ ሠራተኛ ሳይቀር፣ መጋዘን ሙሉ መጽሐፍ አጠገቡ ተከምሮ፣ ያነበበው ከስልኩ ነው። መነጽር ካደረገች ተወዳዳሪ ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ፎቶ አንሺው ሲቸኩል ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጦ የወንድምየውን ኑዛዜ ዘሎታል። ሰፈሩ አያቴን ሲወነጅል ገጹ ያልቃል፤ ቀጥሎ እንጦጦ ማርያም ደጅ ተንበርክካ ይቅር በለን እያለች ስታለቅስ ይመጣል። የምታለቅሰው ለወንድሟ ነበር። መሃሉን ያላነበበ ሰው ግን ጥፋተኛ ናት ከማለት ሌላ ምን ይበል? ድሮ ሐሜቱ የአፍ ነበር፤ አሁን መጽሐፍ ሆነላቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መድረክ መሪው ጆሮዬ ሥር መጥቶ በዓል ነው፣ ሽልማቱ ይሰጥና በኋላ እናስተካክለዋለን አለኝ። ኧረ ወዲያ! እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኋላ ስትባል የኖረች ሴት ናት። መጽሐፉን ገለጥኩና የተዘለለውን ሁሉ በማይክ አነበብኩት። ስጨርስ ያጨበጨበ የለም።

ከመድረክ ስወርድ ያቺ ባለመነጽር ተከተለችኝ። አንገቷን ደፍታ፣ ከተዋሰችው መጽሐፍ ኮፒውን አንስታ የለቀቀችው እሷ መሆኗን፣ ራሷም ያነበበችው ከዚያው ፎቶ መሆኑን ነገረችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚያን ገጾች ላንሳቸውና አሁኑኑ ልልቀቃቸው፤ ኮፒው ያለው ሁሉ ጋ ይደርሳሉ።»

ልብ በሉ፣ የሰረቀችኝ ሴት የስርቆቷን ጎዶሎ እንድሞላላት ትለምነኛለች። አሳታሚዬ መሃል ገብቶ በፍጹም፣ እንከሳታለን እንጂ አለ። እኔም ያፌን ልለቅባት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያንቺን መጽሐፍ ስንት ሰው ገዛው? ስልኩ ግን ሁሉም እጅ አለ። ያዢላት» አለች።

መጽሐፉን ዘርግቼ ያዝኩላት። ንዴቴ እጄን ሲያንቀጠቅጠው የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘ።

«እንደገና» አለች እናቴ።