ለቅሶ ላይ ያረፈ የሙሽራ ቀለም

በሱፍቃድ ያን ቀን ሰው ቤት ለምን ሄደ? ጌጃ ሰፈር የሚያውቁት ሁሉ ይህን ይጠያየቃሉ፤ መልስ ያገኘ ግን የለም። ለገዛ ወንድሙ ሠርግ እንኳ «ሥራ አለብኝ» ብሎ የቀረ ሰው ነው። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም። «ፍላሹን አስቀምጥና ሂድ» ይላል፣ አለቀ።

ሥራው ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የአዳራሾች ሐምራዊ መብራት የሙሽሮችን ፊት አመድ እያስመሰለ ሲያስቸግረው፣ ከኢንተርኔት አንድ ፕሪሴት፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀመረ የቀለም ልክ አወረደና ለራሱ እንደሚመች አበጀው። ጥላውን አሳሳ፣ ቆዳውን አሞቀ፣ ቀዩን ከፍ አደረገ። «ሙሽራ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ አንዴ ጠቅ ካደረገ ሠርጉ ሁሉ ይፈካል።

ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ነው። ሦስት ሠርግና አንድ ቀብር ተደራረቡበት። ሁሉንም በአንድ ላይ መረጠና «ሙሽራ»ን ጫነባቸው። ቀብሩን ከፍቶ እንኳ አላየውም። የለቅሶ ቪዲዮ ማን ያያል ብሎ ነበር።

አዩት። ለሟቹ ለሙሌ አርባ የተሰበሰበ ዘመድ ሁሉ ቁጭ ብሎ አየው።

በነጋታው የሙሌ ሚስት ማሂ ጥቁሯን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች።

«ከንፈሬን ምን አድርገኸው ነው?»

«የምን ከንፈር?»

«በባሏ ቀብር ሊፕስቲክ ተቀብታ ቆመች ተብያለሁ! የባሌ እህት ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም።»

«እኔ ምን አገባኝ? ከዘመዶችሽ ጋር ተነጋገሪ።»

«ዘመድ ያሳጣኸኝ አንተ ነህ!»

ቪዲዮውን ከፈተው። መቃብሩ አፋፍ ላይ የቆመችው ሴት ከንፈሯ ደም መስሏል፤ በእንባ ያበጠው ጉንጯ ያብረቀርቃል።

«አስተካክዬ እሰጥሻለሁ» አለ።

«አስለወጠችው ሊሉኝ? መጥተህ ራስህ ንገራቸው።»

ላፕቶፑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ መንገዱን ሁሉ እየተራገመ ተከተላት።

የሙሌ እህት እትዬ የሻረግ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች ገረመመችው። «ጠበቃ ይዘሽ መጣሽ?»

በሱፍቃድ አልፏት ዘመዶቹ ወደ ተቀመጡበት ሳሎን ገባ። ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር አገናኘና ቀለሙን አጠፋው። ስክሪኑ ድንገት ግራጫ ሆነ፤ ካሜራው ቀለም በኋላ እንዲጨመርበት አደብዝዞ ነው የሚቀርጸው። ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት የሻረግ ቀደመችው።

«አሁን ደግሞ ያዘነች እንድትመስል ሬሳ አስመሰላት! አንተ በአንድ ጣት የምታመጣ የምትመልስ ከሆነ የቱን እንመን?»

ዘመዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማሂ አንገቷን ደፋች። በሱፍቃድ ደሙ ፈላ። «ሙሽራ»ን መልሶ ጫነና ቪዲዮውን አንድ ሽበታም ሽማግሌ ላይ አቆመው። የሙሌ አጎት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ከነጭ ጢማቸው መሃል ከንፈራቸው እንደ ማሂ ቀልቷል።

«ጋሽ ሸዋንግዛውም ተቀብተው ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ቲቪው ተጠጉ። «ይሄ የኔ ከንፈር ነው?»

በሱፍቃድ ወደ የሻረግ ምስል አሳለፈው። እሷም ቀልታለች። «እርስዎስ፣ እትዬ? ከጋሼ ተውሰው ነው?»

«አፍህን ዝጋ፣ ባለጌ!»

«አንቺ ዝጊ!» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «በስተርጅና ከንፈር ቀቢ ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚች ልጅ ሁለተኛ ስትናገሪ እንዳልሰማ።»

የሻረግ ጓዳ ገብታ በሩን በላይዋ ወረወረችው። ማሂን ይቅርታ የጠየቃት አልነበረም።

ደረጃው ላይ ማሂ ዞር አለችበት። «አመሰግናለሁ እንድልህ እንዳትጠብቅ።»

«አልጠበቅኩም።»

«የሙሌን ቀብር በዚያ ቀለም ሁለተኛ አላየውም። እንደገና ሥራው። በእጅህ፣ እያየኸው።»

በሱፍቃድ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈ። ሠርገኞች ደወሉ፤ አላነሳም። «ሙሽራ»ን ሳይነካ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ያዘው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ አፈሩ አፈር፣ ከንፈሩም የሰው ከንፈር እስኪሆን ድረስ። አስለቃሿ የሙሌን ስም ስትጠራ በመጀመሪያ ድምፁን ሊዘጋው ነበር፤ ከዚያ ተወው። ጨርሶ ለማሂ ላከላት። «ደረሰኝ» ከማለት ሌላ አልጻፈችም። በሱፍቃድ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ፤ እንቅልፍ የወሰደው ግን በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።