ተጣጥፎ እንጦጦ የወጣው መቋሚያ

ሲግናል፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት

ከቤት ስንወጣ ገና ጎህ አልቀደደም። አስፋልቱ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ርሷል፤ ክፍት የሆነው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው። አባዬ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ። መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥራ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል፣ በበዓል ደግሞ በእንጦጦ ማርያም አገልግለዋል። ድሮ ዋዜማውን እዚያው ያድሩ ነበር። ቀኝ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ግን የሚኖሩት እኔ ዘንድ ነው፤ ወደ ተራራው የሚወጡትም በበዓሉ ዕለት ማለዳ ነው።

በብብታቸው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም። እሱን ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ታጣፊ መቋሚያ ነው።

አገልጋዮች ቅዳሴ ላይ የሚደገፉትን፣ ወረብ ላይ ምድር የሚመቱበትን ያንን ረጅም ዘንግ ይዞ ሚኒባስ መግባት እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ የተሳፈረ ያውቀዋል። አባዬ አንዱን ጎኑን፣ ሌላውን ትከሻውን እየነኩ፣ የነኩትን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቁ ነበር የሚደርሱት። እኔ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ንድፍ አስተምራለሁ፤ እጄ አላርፍ አለ። ገበያ ላይ ያሉት ታጣፊ ዘንጎች ሦስቴ ምድር ሲመቱ ይላላሉ። የእኔ መጋጠሚያ በተመታ ቁጥር ይጠብቃል። እዚህ እስክደርስ ስንቱን እንዳበላሸሁ የሚያውቁት አባዬ ናቸው። ተስፋ ቆርጬ አንድ ሰሞን ሳለቅስ አይተውኝ ተሳሉ፤ ከተሳካልኝ የመጀመሪያውን ለእመቤታችን ሊያስገቡ። ቀኑ ዛሬ ነው።

ሾላ፣ አስራ አንድ ተኩል

ሲግናል ላይ ቆሞ ባዶ ወንበር ያለው ታክሲ መጠበቅ ዘበት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ ሾላ ሄድን። ሽንኩርት ከጭነት መኪና እየወረደ ነው፤ የበርበሬው ሽታ ገና በጠዋቱ ያስነጥሳል። አንድ እስር ጧፍ በሃምሳ ብር ገዛን። ታክሲው እስኪሞላ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ማታ መናገር የነበረብኝን ነገር የተናገርኩት እዚያ ነው።

መቋሚያውን ሊያመርትልኝ የተስማማው ቻይና ያለ ፋብሪካ ነው። እዚህ የዘንጉን ቱቦ በምፈልገው ቅጥነት የሚያወጣልኝ አላገኘሁም። ፋብሪካው የመጋጠሚያውን ንድፍ ላኪ እያለ ሲጎተጉተኝ ከርሟል። ትናንት ማታ ጠበቃ ጓደኛዬ ህሊና ደወለችልኝ። የነገረችኝ ባጭሩ ይህን ነው። አገር ቤት የማወጣው የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት የሚያስከብረኝ አገር ቤት ብቻ ነው። ዕቃው እዚያ ከተመረተ እዚያም ማመልከት አለብኝ። ማመልከቻው ሳይገባ በአደባባይ ከታየ ደግሞ አዲስ አይደለም ተብሎ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የፈለገ ሰው ቢሠራው ከልካይ የለውም። ወረቀቱ ተተርጉሞ እስኪገባ አራት ቀን ይቀራል። እስከዚያ ማንም ሲዘረጋ እንዳያየው አለችኝ፤ በተለይ ስልክ የያዘ ሰው። በማርያም ዕለት እንጦጦ ላይ ስልክ ያልያዘ ሰው ማን አለ? ወረቡ እንኳ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው።

ይህን ማታውኑ ለአባዬ አለመንገሬ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ጥምጥማቸውን ሲተኩሱ፣ በአዲሱ መቋሚያ ቆመው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሊያገለግሉ እንደሆነ ሲያወሩ ነበር ያመሹት። ጠዋትም አሮጌውን መቋሚያ በር ጀርባ ትተውት ሲወጡ እያየሁ አፌን አልከፈትኩም። አሁን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ታዲያ ዛሬ በምን ልቆም ነው?» አሉኝ።

ቤት ተመልሼ አሮጌውን ላምጣልዎ ስላቸው ታክሲው ሞልቶ ተነሳ። በዚህ ላይ ህሊና ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙም ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርሙ ብላ ልካልኝ ያተምኩትን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው። አነበቡትና ሳቅ አሉ።

«ንስሐ የሚቀበል ካህን ምስጢር እንዲጠብቅ ልታስፈርሚ ነው?»

ወረቀቱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «ግድ የለም ልጄ፣ አልዘረጋውም» አሉና እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽሮ ሜዳ፣ አስራ ሁለት ተኩል

እዚህ ታክሲ ቀየርን። ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው፤ ነጭ የለበሰው ሰው ግን መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሚስቱ ወንድም ሠርግ ካወራን በኋላ አባዬ ጭን ላይ ያለውን ጥቅል በመስታወቱ እያየ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። አባዬ ግን «ስለት ነው» አሉት፤ እሱም ሌላ ጥያቄ አልጨመረም።

መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ባሕር ዛፉ መሐል ጉም ተኝቷል። ቅጠል የተሸከሙ ሁለት ሴቶች እየወረዱ፣ ቱታ የለበሱ ሯጮች እየወጡ ይተላለፋሉ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባዬ ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ሲል አማተቡና ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

እንጦጦ ማርያም፣ ሦስት ሰዓት

እኔ በሴቶች በኩል ቆሜያለሁ። ወንዶቹ ያሉበት አይታየኝም፤ የሚደርሰኝ ድምፅ ብቻ ነው። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ምድር የሚመቱት መቋሚያዎች ይሰሙኛል። ከፊቴ ያለችው ወጣት ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች። መጀመሪያ የፈራሁት ለማመልከቻዬ ነው፤ አልደብቅም። አባዬ ወረቡ ሲደምቅ ራሳቸውን ረስተው ቢዘረጉትስ እያልኩ ጸሎቴን እንኳ በወጉ አላደረስኩም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ደብተራ ለትንፋሽ ብለው ወደ እኔ በኩል ወጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል።

«አባትሽን ምን ነካቸው?» አሉኝ። «ሦስት ሰው መቋሚያ ሰጣቸው፤ አለኝ እያሉ መለሱ። በእጃቸው ግን የለም።»

ገባኝ። የሌላ ሰው ቢቀበሉ የለኝም ማለታቸው ነው፤ መዋሸት ሊሆንባቸው ነው። ያላቸውን ደግሞ ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ያንን ሁሉ ሰዓት በዚያ ጉልበት ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። ሁለት ዓመት የለፋሁት እሳቸው እንዲደገፉበት አልነበረም እንዴ? በራሴ አፈርኩ።

እንጦጦ ማርያም፣ አራት ሰዓት ተኩል

አገልግሎቱ ሲያልቅ ቄሰ ገበዙ በድምፅ ማጉያው ስለት ያስገቡትን ማሰማት ጀመሩ። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የወርቅ ቀለበት። በመጨረሻ «አንድ አገልጋያችን ስለት አምጥተዋል፤ ምንነቱን እመቤታችን ታውቀዋለች» አሉና እልል ተባለ። አባዬ እንዲያ እንዲሉ አስቀድመው ለምነዋቸው ኖሯል።

ዕቃ ቤቱ ከደረጃው በታች፣ ከግቢው ማዶ ነው። አባዬ ጥቅሉን ታቅፈው ደረጃው አፋፍ ላይ ደረሱ። አንድ እግራቸውን አወረዱ፤ ሁለተኛው አልታዘዝ አላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሮጬ ደረስኩ።

«አባዬ፣ አምጡት።»

«አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ።

«የራሱ ጉዳይ። አምጡት።»

ከእጃቸው ወሰድኩና ፈትቼ ዘረጋሁት። ቄሰ ገበዙ እኔን አዩ፣ መቋሚያውን አዩ፣ ስልካቸውን ይዘው ከሩቅ የሚመጡትን ወጣቶች አዩ። አባዬ በጆሯቸው ሁለት ቃል ጣል አደረጉላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ሳቅም ለቅሶም ይመጣብኛል። ቄሰ ገበዙ ጃንጥላ ያዦቹን ጠሩ። አራት ባለ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላ እየተዘረጋ ዙሪያችንን ከበበን፤ እንደ አጥር ዝቅ ተደርጎ ተያዘ። ምን እንደሆነ ያልገባቸው እናቶች ከታች እልልታውን አቀለጡት።

ከጃንጥላዎቹ ውስጥ ብርሃኑ ቀይና አረንጓዴ ነው። አባዬ መቋሚያውን ደረጃው ላይ አሳረፉና ክብደታቸውን ጣሉበት። እጄ መጋጠሚያው ላይ ነበር፤ በየደረጃው ጠበቅ ሲል ይሰማኛል። አሥራ አንድ ደረጃ ወረድን።

«አልከዳኝም» አሉኝ ቀስ ብለው።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ራሳቸው አጣጠፉት፤ ሳሙትና አስረከቡ። ቄሰ ገበዙ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ፈቀቅ ብዬ ህሊና ጋ ደወልኩ።

«ዘረጋሁት» አልኳት።

«ለምን?»

«አባዬ መውረድ አቃታቸው።»

«ሰው አየው?» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ቄሰ ገበዙ ስልክ የያዙትን ወጣቶች ሰብስበው ለጣሪያው እድሳት ምን ያህል ለማዋጣት እንዳሰቡ በየተራ እየጠየቋቸው ነው። ስልኩ ሁሉ ኪስ ገብቷል።

«ሰው ያየው ጃንጥላ ነው» አልኳት። ሳቀች። አራት ቀን የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬውኑ ተርጓሚዋ ቤት ሄጄ እጨርሰዋለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወደ ታክሲው መውረድ ጀመርን። አባዬ አሁን እጃቸው ባዶ ነው፤ ቄሰ ገበዙ የራሳቸውን መቋሚያ ቢሰጧቸው ልጄ አለችልኝ ብለው አልተቀበሉም። ትከሻዬን ያዙ። ሁልጊዜ እንዳይከብዱኝ እየተጠነቀቁ ነበር የሚይዙኝ። ዛሬ ግን ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉብኝ፤ እኔም ቻልኩት።